ዘይቱና ድምፅ ያገኘችበት ሳምንት

ካርቱም ከተመለስኩ ወዲህ የማያቸው አሮጌ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁስል አላቸው። ከመሪው አጠገብ ቴፑ የነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ፣ የተቆረጡ ሽቦዎች ተንጠልጥለውበታል። የእኔም ትንሽ መኪና ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። ጦርነቱ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ትቻት ወደ ገዳሪፍ ሸሽቼ ነበርና፣ ስመለስ አቧራ ለብሳ፣ ባትሪዋንና ቴፗን ተነጥቃ፣ ከነሕይወቷ ጠበቀችኝ። ባትሪውን ተካሁላት። ዝምታዋ ግን አላስቀምጠኝ ስላለ፣ ባለፈው ሳምንት ሳጃና ገበያ ወሰድኳት፤ በተቃጠለ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ የመኪና ድምፅ የሚገጥም አንድ ባለሙያ አለ ብለውኝ ነው።

ሰውየው የበሩን ልባስ ገንጥሎ ውስጡን በቤንዚን ጨርቅ ሲጠርገው፣ ከቆርቆሮው መሐል ለዓመታት የተጠራቀመው የካርቱም ደቃቅ አቧራ ቦነነ፤ ቀጥሎ ሽቦ የሚበየድበት እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣው ቀጭን ጭስ መጣ። አቧራው፣ ቤንዚኑና ጭሱ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገቡ ከዚያ ወንበር ላይ ማን እንዳነሳኝ አላውቅም፤ ብቻ እዚያው ሳጃና፣ ጸጉሬ ሹሩባ ተሠርቶ፣ ጉልበቴ ላይ ጠባሳ ያለብኝ ልጅ ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ የምንኖረው በሐጃ ፋጡማ ሆሽ ውስጥ ነበር። ሆሽ የምንለው በጭቃ አጥር የተከበበውን ሰፊ ግቢ ነው፤ ሐጃ ፋጡማ ከልጆቿ ጋር በአንዱ ጎን፣ እኛ ደግሞ በሌላው ጎን ባሉት ክፍሎች እንኖር ነበር። በበጋ ሙቀት ሁላችንም አልጋችንን ወደ ግቢው ስለምናወጣ፣ ማን እንደሚያንኮራፋና ማን በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያወራ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ቀኑን ሙሉ ከሐጃ ልጅ ከኢልሃም ጋር በዐረብኛ ስጫወት ውዬ፣ ማታ ለእናቴ ነገር ስናገር ግማሹ አማርኛ ግማሹ ዐረብኛ ይሆንብኝ ነበር፤ አባቴ ይስቃል፤ እናቴ ግን ማረሚያዋን ሳትሰጥ አታልፈኝም።

አባቴ ግርማ፣ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ የአንድ ሐኪም ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ሐኪሙ አዲስ መኪና ሲገዙ ባለቤታቸው ለገበያ የሚሄዱባትን ትንሿን አሮጌ መኪና ለአባቴ ሰጡት። ቀለሟ እንደ ወይራ ፍሬ ስለነበር ሐጃ ፋጡማ ገና በሩ ላይ እንዳየቻት «ዘይቱና» አለቻት፤ በዚያው ቀረች። ዘይቱና በር ስትከፍትላት እንደ ሽማግሌ ታቃስታለች፤ አቀበት በሌለበት ከተማ እንኳ አቀበት እንደምትወጣ ታለከልካለች። እኛ ግን ከዚያ በፊት ሙዋሰላት የሚሉትን የሕዝብ ሚኒባስ ስንጠብቅ ፀሐይ ላይ ስንቆም የኖርን ሰዎች ነንና፣ ኋላ ወንበሯ ላይ ስንታጨቅ ንጉሥ ሆነን የሄድን ይመስለን ነበር።

አንድ ጉድለቷ ድምፅዋ ነበር። ፊት ለፊት፣ ከመስተዋቱ ሥር፣ የተሰነጠቀ አንድ ትንሽ ስፒከር ብቻ ነበራት፤ ከእሱ የሚወጣ ዘፋኝ ሁሉ ወንዱም ሴቱም ጉንፋን ይዞት እንስራ ውስጥ ተቀምጦ የሚያንጎራጉር ይመስላል። አባቴ ሲብስበት ዳሽቦርዱን በቡጢ ይመታዋል፤ ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፤ ጉድጓድ ስንዘል ደግሞ ያመዋል። እናቴ በመስኮት እያየች «ይኼን ሰውዬ ከማስዘፈን ሐኪም ቤት ብትወስደው አይሻልም?» ትለው ነበር።

አያ በለጠ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱ ከፊቱ ቀድሞ የሚስቅ ወጣት፤ ከጎንደር ወዲያ ካለች ገጠር በመተማ በኩል ተሻግሮ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሆሹ በር ብቅ አለ። ልጅ ሳለ ከአንድ የዜማ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ጥቂት ዓመት ተምሯል፤ ረሃብና የመምህሩ አለንጋ ሲበዛበት ጥሎ ወጣ እንጂ። ትምህርቱ ቢቀርም ጆሮው ግን አብሮት ቀረ። ጎረቤት ያለ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቶ «ይኼ ርቦት አይደለም፤ ተናዶ ነው» የሚል ሰው ነበር፤ አይሳሳትም። የእኔን አማርኛ ሲሰማ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል። «አንቺ ዐረብ፣ እስቲ ድገሚው» ይለኛል፤ እኔም ስሙልኝ ብዬ እደግመዋለሁ።

ሥራው ሳጃና ገበያ ውስጥ የቤት መሥሪያ ዕቃ መጫንና ማውረድ ነበር። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ ይሸከማል፤ ማታ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይመጣል። ሁላችንም ግን የመጣው ለዚያ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከአገሩ አብረውት የወጡ ጓደኞች ነበሩት፤ ከእነሱ ሁሉ የሚቀርበው ይርጋ የሚባል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ልጅ ነው። ዐርብ ዐርብ ተሰብስበው የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በበረሃው ወደ ሊቢያ፣ ከዚያም ባሕሩን ስለ መሻገር። በቤታችን «ሊቢያ» የሚለው ቃል አይነሳም፤ «መንገዱ» ነው የሚባለው። እናቴ «መንገዱ» ሲባል ከሰማች የያዘችውን ዕቃ ቀስ ብላ ታስቀምጥና ወደ ውስጥ ትገባለች።

ለምናዋለች፤ አልቅሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ያሉ አባት እንዲመክሩት አድርጋለች። እሱ ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ፣ «እታለም፣ እዚህ ሲሚንቶ ተሸክሜ ላረጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። በመጨረሻ እሱንና ጓደኞቹን የሚወስደው የጭነት መኪና በሚቀጥለው ሐሙስ ከኦምዱርማን እንደሚነሳ ተነገራቸው።

ልክ በዚያ ሳምንት ነው አባቴ ከሐኪሙ ቤት አንድ አሮጌ ግን ደህና ቴፕና ከእነ መረባቸው ያሉ ስፒከሮች በካርቶን ይዞ የመጣው። የሐኪሙ ልጅ መኪናው ላይ አዲስ ሲያስገጥም የወለቁ ናቸው። አባቴ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «በለጠ፣ ነገ ዐርብ ነው፤ ከእኔ ጋር ገበያ ትወጣለህ። ዘይቱናን ድምፅ እናስገባላት» አለው።

እናቴ እሱ እስኪወጣ ጠብቃ ጮኸችበት ባይባልም ቀረብ ብላ፣ «ወንድሜ ሊሞት መንገድ ሲነሳ አንተ ስለ ሬዲዮ ታስባለህ?» አለችው። አባቴ ጫማውን እያወለቀ ነበር። «የሺ፣ ተቆጥተሽ አይተሻል፤ ለምነሽ አይተሻል። እኔ ምክር አላውቅም። ቢያንስ እስከ ሐሙስ አጠገቤ ይሁን» አላት።

በማግስቱ ሁላችንም ገበያ ወጣን። ዓም ሰዒድ፣ አጎት ሰዒድ ማለት ነው፣ በዚያ ገበያ ለመኪና ቴፕ የሚገጥም ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር እየገባ ነጭ ጀላቢያው ላይ ጠብ የሚል ቆሻሻ አለመታየቱ ለእኔ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ተአምር ነው። ዘይቱናን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ይህቺ መኪና አይደለችም፤ ክብሪት ናት። የት አባቷ ላስገባው?» አለ። እውነቱን ነበር። ስፒከሩ ከበሩ ይበልጥ ነበር። ቆርቆሮውን በመጋዝ ሲቆርጠው ሰፈሩ ሁሉ ጥርሱን ነከሰ፤ ስፒከሩ ሲገባ ደግሞ ወደ ውስጥ ተርፎ የመስኮቱን ማውረጃ እጀታ ገታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘይቱና መስኮት ከግማሽ በላይ ወርዶ አያውቅም። በካርቱም ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አባቴ ግን «ዘፈኑ እንዳይወጣብን ነው» እያለ ያጽናናን ነበር።

ተገጥሞ ካሴት ሲገባ ዘፋኙ በእርግጥ ከጉንፋኑ ድኗል። ነገር ግን ዝቅ ያለ ድምፅ በመጣ ቁጥር የበሩ ቆርቆሮ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንጫጫል። አያ በለጠ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ግዕዙን እየበላው ነው» አለ በአማርኛ፤ «አራራዩ ብቻ ነው የሚወጣው»። በዜማ ትምህርቱ ቋንቋ ወፍራሙን ድምፅ ግዕዝ፣ ቀጭኑን አራራይ ማለቱ ነው። ዓም ሰዒድ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ስለ ዜማ ዐረብኛ ስላልነበረው «ቆርቆሮው ይጮኻል ነው የሚለው» ብሎ አሳጠረው። አያ በለጠ ሄዶ ከሚሠራበት ሱቅ ለጣሪያ የሚነጠፍ፣ ሬንጅ የተቀባ ጨርቅ ቁራጭ ለምኖ መጣ። ፀሐይ ላይ አለስልሰው፣ እየተቃጠሉና እየሳቁ፣ ከበሩ ውስጥ ለጠፉት። በሩ ሲዘጋ እንደ ትልቅ መኪና በር «ድም» አለ። ዓም ሰዒድ ከፍቶ ዘጋው፤ እንደገና ከፍቶ ዘጋው፤ ከዚያ አያ በለጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ከዘፈኑ ኋላ እንደ ቢምቢ ያለ ቀጭን ጩኸት ይሰማ ጀመር፤ አባቴ ነዳጅ ሲረግጥ ይወጣል፣ ሲለቅ ይወርዳል። አባቴ አልሰማሁም አለ። እናቴ ሰምታ ምንም አልመሰላትም። ዓም ሰዒድ ተጠይቆ «ማዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ አሮጌ መኪና ሁሉ ይህ አለበት» አለ። አያ በለጠ ግን ምግብ እየበላ ሳለ እንኳ ጉርሻውን ይዞ ያስባል። ከሥራ ሲመለስ ሳይታጠብ ዘይቱና ውስጥ ይገባል፤ አንዱን ሽቦ ከሌላው ያርቃል፣ ያጥፋል፣ ይፈታል። እኛ ልጆች ከዳሽቦርዱ ሥር የወጡትን ረጃጅም እግሮቹን እያየን እንስቅ ነበር። ኢልሃም «ኻልሽ መኪናዋን አገባት እንዴ?» ብላ ስለ አጎቴ ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይርጋ መጣ። ትንሽ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ፣ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጎ ነበር። እናቴ ልብስ ታጥብ ነበርና እርጥብ ሸሚዝ እንደያዘች ቆመች። ይርጋ እጅ ነስቶ ሰላም ካላት በኋላ ወደ ዘይቱና ጎንበስ ብሎ «በሌ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው። ያላ፣ እንሂድ» አለው።

እግሮቹ ለጥቂት ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አያ በለጠ እየተሳበ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ። እናቴን ሳማት። እሷ አላለቀሰችም፤ የሸሚዙ ውኃ እግሯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አባቴ እስከ በሩ ሸኛቸው። እኔ ምን እንደሆነ ስለገባኝ ዘይቱና ውስጥ ገብቼ በሯን ዘጋሁ፤ ሬንጁ ገና ይሸት ነበር። እዚያ ሆኜ፣ እናቴ ያጠበችውን ሸሚዝ እንደገና ስታጥብ፣ አስጥታው ደግሞ አውርዳ እንደገና ስታጥበው በመስኮቱ ግማሽ በኩል አየኋት።

የመግሪብ አዛን ብሎ ካበቃ በኋላ፣ ገና ሰማዩ ቀላ እንዳለ፣ የሆሹ በር ተንኳኳ። ሐጃ ፋጡማ ነበረች የከፈተችው። አያ በለጠ ቦርሳውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ከዋለበት ቀን ይልቅ ደክሞት፣ ግቢው መሐል መጥቶ ቆመ። ማንንም ሳያይ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣

«እታለም፣ ራት አለ?» አለ።

ያኔ ነው እናቴ ያለቀሰችው። ሐጃ ፋጡማም ምክንያቱን ሳትጠይቅ አብራት አለቀሰች።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እኔም አድጌ፣ ለምን እንደተመለሰ ጠየቅሁት። ኦምዱርማን ድረስ እንደሄደ ነገረኝ። የጭነት መኪናው ላይ ሰው በሰው ላይ ሲጫን፣ ደላላው አንዱን ልጅ በጥፊ ሲመታ አይቷል። «ፈራሁ» አለኝ በቀጥታ። «ግን ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀምሬ ያልጨረስኩት፣ ልጨርሰው የምፈልገው ሥራ ነበረኝ። ይርጋን ና እንመለስ አልኩት። እሱ ምን ብሎ ይመለሳል? እሱን የሚጠብቀው ሲሚንቶ ብቻ ነበር።» ይርጋን አቅፎት ሸኘው። ከዚያ ወዲህ ከሊቢያ የመጣ ሰው በሰማ ቁጥር ሄዶ ይጠይቅ ነበር፤ ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ባሕሩን ተሻግረው ደውለዋል፤ የይርጋን ወሬ ግን ያመጣለት ሰው የለም።

የዘይቱናን ጩኸት ምክንያት በተመለሰ ማግስት አገኘው። ከቴፑ ወጥቶ ከመኪናዋ ገላ ጋር የሚታሰረው ሽቦ ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ ነበር የታሰረው፤ ቀለሙን በቢላ ፍቆ፣ ባዶው ብረት ላይ አጥብቆ አሰረው። አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ነዳጅ ረገጠ። ምንም የለም። እንዴት ያለ ዝምታ እንደነበር ለመናገር ይቸግረኛል፤ ቤት ውስጥ ለወራት የታመመ ሰው ትኩሳቱ የበረደለት ዕለት ያለ ዓይነት ዝምታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም፣ ኢልሃምንም ጨምረን፣ ወደ ዓባይ ዳር ወጣን። አባቴ እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደውን የክራር ዘፈን ከፈተላት። የዘፈኑን ግጥም በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ አብራ ታንጎራጉረው ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ብላ ሰማችው። ከድልድዩ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞራ ወንድሟን፣ «ይኼ ወፍራሙ ክር ሁልጊዜ እዚህ ውስጥ ነበር?» አለችው። «ነበር፤ አይሰማም ነበር እንጂ» አላት። አጠገባችን የቆመች ረክሻ የምንላት ባጃጅ ውስጥ ያሉ ሱዳናውያን ወጣቶች አንገታቸውን አውጥተው «ሐበሻ፣ ከፍ አድርጉት» አሉን፤ አባቴም ከፍ አደረገው፤ ትራፊኩ እስኪለቀን ድረስ ትከሻቸውን እየነቀነቁ አዳመጡልን።

በሳምንቱ ዓም ሰዒድ ራሱ ሆሹ ድረስ መጥቶ ዘይቱና ውስጥ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሰማ፣ ሻዩን ጠጣ። ሊሄድ ሲነሳ አያ በለጠን «ቅዳሜ ጠዋት እጠብቅሃለሁ» አለው። እናቴ የአያ በለጠን የሥራ ልብስ ከሲሚንቶ ያጠበችው በዚያ ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ዓም ሰዒድ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ለእሱ ተወለት፤ ከሪያድና ከአል-ጣኢፍ ሰፈሮች ባለ ትልልቅ መኪና ወጣቶች «የሐበሻው ጆሮ ያለበት» ብለው እየጠየቁ ይመጡ ነበር። ያ ቢሆንም ትንሽ አሮጌ መኪና ሲመጣ ነው ፊቱ የሚበራው።

አሁን ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጬ የሌለውን ስቆጥር ብዙ ነው። አባቴ ጦርነቱን ሳያይ አርፏል። ዓም ሰዒድም፣ ሐጃ ፋጡማም የሉም። ዘይቱና አንድ መምህር ገዝቷት ወደ ገዚራ ክፍለ ሀገር ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋን አልሰማሁም። የሆሹ አጥር አንድ ጎኑ ፈርሷል፤ በበጋ አልጋ የምናወጣበት ቦታ ላይ የቤት ጣሪያ ወድቆበታል። የአያ በለጠ ሱቅ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሏል። እኔም ያኔ እንደዚያ የሚያስቀው አማርኛዬ ተስተካክሎ፣ የሚስቅበት ጠፍቷል።

እናቴና አያ በለጠ እስከ ዛሬ ገዳሪፍ ናቸው። ያን ቀን የእኔ መኪና ሥራ አልቆ ልነሳ ስል ደወልኩለት። ስለ ስፒከሩ ጠይቆ፣ በሩ ውስጥ ምን እንደለጠፉ ጠይቆ፣ ሰውየው ሥራ ያውቃል ብሎ መሰከረ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ሰብለ፣ ሰፈሩ ሰው አለ?» አለኝ።

ዳቦ ቤቱ መከፈቱን ነገርኩት። ኢልሃም ከልጆቿ ጋር ተመልሳ አጥሩን እያሠራች መሆኗን፣ ከገበያው ጥግ ሁለት የሐበሻ ሻይ ቤቶች ወንበር ማውጣታቸውን፣ መብራት እየሄደም እየመጣም ቢሆን እንዳለ ነገርኩት። ገበያው ውስጥ በየጥላው ሥር ቴፕ የተነቀለባቸው መኪናዎች ተሰልፈው ተራ እንደሚጠብቁም ነገርኩት።

ከዚያ ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ ወደ ውስጥ ሲጣራ ሰማሁት፤

«እታለም፣ ጓዝሽን ሸክፊ።»